«የመጀመሪያዋ» የምትለዋ ቃልና ሁለቱ 1984

ነገሩ የተጀመረው በእህቴ ልጅ ዕንባ ነው። በምትማርበት ትምህርት ቤት በተዘጋጀ የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ ክፍሏን ወክላ ተቀምጣለች። እኔም ከወላጆች ጋር ከኋላ ወንበር ይዤ አለሁ። ውድድሩ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ አንድ ጥያቄ ወጣ፤ «በኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳልያ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ማን ናት?» ልጅቷ ጊዜ ሳትወስድ «ናዋል ኤል ሙታዋኪል፣ ከሞሮኮ» አለች። ጠያቂው ወረቀታቸውን አዩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥያቄው ለተፎካካሪው ቡድን ተላለፈ። «ደራርቱ ቱሉ!» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የእህቴ ልጅ ቡድን በዚያችው ነጥብ ተሸነፈ።

ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ቆየችና፣ «ጋሼ፣ አንተ አይደለህ እንዴ የነገርከኝ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የነገርኳት እኔ ነኝ። አንድ የእሑድ ከሰዓት በኋላ ስለ ሩጫ ስንጫወት የናዋልን ታሪክ አውርቼላት ነበር። ልጅ ደግሞ ከሚወደው ሰው የሰማውን አይጥልም። ያን ምሽት ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ለመጻፍ ቁጭ አልኩ። «ልጅቷ ትክክል ነበረች፤ ነጥቧ ይመለስላት» የሚል። ነገር ግን ፖስታውን ከማሸጌ በፊት፣ ሰው ሲከራከር ማስረጃው በእጁ መሆን አለበት ብዬ፣ የሩጫውን ፊልም ደግሜ አየሁ፤ መዝገቡንም አገላበጥኩ። ደብዳቤው ሳይላክ ቀረ። ለምን እንደ ቀረ ነው እዚህ የምጽፈው። ጽሑፉ ሂስ ነው። የምሔሰውም በአብዛኛው ሩጫው የተተረከባቸውን መንገዶች ነው፤ ከተራኪዎቹም መካከል እኛና እኔ ራሴ አለንበት።

*

ሩጫው የተካሄደው እ.ኤ.አ. ኦገስት 8 ቀን 1984፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 2 ቀን 1976 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ኮሊሲየም ስታዲየም ነው። የሴቶች 400 ሜትር መሰናክል ፍጻሜ። ይህ ርቀት ለወንዶች ኦሊምፒክ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1900 ፓሪስ ላይ ሲሆን፣ ለሴቶች ግን የሎስ አንጀለሱ የመጀመሪያው ነበር። ሰማንያ አራት ዓመት ማለት ነው። የሴቶች ማራቶንም ወደ ኦሊምፒክ የገባው በዚያው ዓመት ነው። ሴት ልጅ ረጅም ርቀት ብትሮጥ፣ መሰናክል እየዘለለች አንድ ዙር ብትዞር ትጎዳለች እየተባለ የተዘጋ በር ገና መከፈቱ ነበር። ይህን በር አንባቢ በአእምሮው ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በእኛ አገር «መሰናክል» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የሦስት ሺህ ሜትሩ ነው፤ እሸቱ ቱራ እ.ኤ.አ. በ1980 ሞስኮ ላይ ነሐስ ያመጣበት። የዚያኛው አግዳሚ ከባድና የማይነቃነቅ ነው፤ ሯጩ ከፈለገ በእግሩ ረግጦት ያልፋል። የአራት መቶው ሌላ ፍጥረት ነው። እያንዳንዷ ሯጭ በራሷ መስመር ውስጥ አሥር መሰናክል ቆሞላታል። የሴቶቹ ቁመት 76.2 ሳንቲ ሜትር ነው። ከመነሻው እስከ መጀመሪያው መሰናክል 45 ሜትር፣ ከአንዱ እስከ ሌላው 35 ሜትር፣ ከመጨረሻው እስከ መድረሻው 40 ሜትር። ሳያስቡ ቢገፉት ይወድቃል እንጂ ከውድድር አያስባርርም። ዋጋውን የሚያስከፍለው ከፍጥነት ላይ ነው።

የዚህ ሩጫ ምስጢር ቁጥር ነው። ያን 35 ሜትር በስንት እርምጃ ትጨርሺዋለሽ? በአሥራ አምስት ወይስ በአሥራ ሰባት? እርምጃው ጎዶሎ ቁጥር ከሆነ ሁልጊዜ በአንድ እግር ትዘያለሽ። አሥራ ስድስት ከሆነ እግር እየቀያየርሽ መዝለል ይኖርብሻል። ድካም ሲመጣ እርምጃ ያጥራል፤ ቁጥሩ ይፈርሳል፤ ከመሰናክሉ ሥር በማይመች እግር ትደርሻለሽ። ግጥም የጻፈ ሰው ይህን ጭንቀት ያውቀዋል። ቤት መምቻው ላይ ቀለሙ ሞልቶ ለመድረስ ከስንኙ መነሻ ጀምሮ መቁጠር አለበት፤ መጨረሻው ላይ ደርሶ ቀለም ቢጎድልበት ወይም ቢተርፍበት የሚጠግንበት ቦታ የለውም።

እኛ ግን ያደግነው በሌላ ዜማ ነው። የእኛ የሩጫ ትረካ የረጅም ርቀት ትረካ ነው፤ ብዙ ሰው አብሮ ይሄዳል፣ የእኛው ሰው ከመካከል ተደብቆ ይጠብቃል፣ ደወሉ ይደወላል፣ ከዚያ በኋላ ምሩጽ ይፍጠር ማርሽ ይቀይራል። ደስታችን ከመጠበቅ የሚመጣ ደስታ ነው። የአራት መቶ መሰናክል መጠበቅ የሚባል ነገር አያውቅም። ማንም ከማንም ጀርባ አይደበቅም፤ ሁሉም በመስመሩ ነው። የሚያሸንፈው ሰው ከመጀመሪያው መሰናክል ጀምሮ እያሸነፈ ይሄዳል እንጂ መጨረሻ ላይ ጉድ አያሳይም። ስለዚህ ለእኛ ጆሮ ታሪክ የሌለው ሩጫ ይመስላል። ናዋል በእኛ ዘንድ ከተረሳችባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ የጆሮ ልማድ ይመስለኛል።

ፊልሙ ላይ የሚታየው እንግዲህ ይህ ነው። ስምንት ሴቶች በየመነሻቸው ተንበርክከዋል። አንዷ ከተኩሱ ቀድማ ስለ ተነሣች ሁሉም እንደ ገና ተመለሱ። ሁለተኛው ተኩስ ጮኸ። መነሻቸው እንደ ደረጃ የተቀዳደመ በመሆኑ በመጀመሪያው ኩርባ ላይ ማን እንደሚመራ ለማወቅ ዓይን ይቸገራል። ወደ መጨረሻው ቀጥታ ሲወጡ ግን ጥርጣሬ የለም። አንዲት ቀጭን፣ አጭር ልጅ ከፊት ናት። መሰናክሉ ላይ ስትደርስ ከሩጫው የተለየ ነገር የምትሠራ አትመስልም፤ ዝላዩ አንድ ረዘም ያለ እርምጃ ነው። በ54.61 ሴኮንድ ገባች። አሜሪካዊቷ ጁዲ ብራውን በ55.20 ተከተለቻት። በሁለቱ መካከል ያለው በሜትር ቢለካ ወደ አራት ሜትር ነው፤ በአንድ ዙር ሩጫ ይህ ሰፊ ነው።

ከእርሷ በስተኋላ ደግሞ ሌላ ድራማ ነበር። የሮማንያዋ ክርስትያና ኮዮካሩ 55.41፣ የሕንዷ ፒ.ቲ. ኡሻ 55.42፣ የስዊድኗ አን ሉዊዝ ስኮግሉንድ 55.43። ሦስት ሴቶች በሁለት መቶኛ ሴኮንድ ውስጥ። አንዷ ሜዳልያ ይዛ ሄደች፤ ሁለቱ ባዶ እጃቸውን።

*

ሩጫው 54 ሴኮንድ ከምናምን ነው የፈጀው። ትረካው ግን እስከ ዛሬ አላለቀም። አራት ዓይነት ትረካ አለው፤ አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው የቤተ መንግሥቱ ትረካ ነው። ንጉሥ ሐሰን ሁለተኛ በዚያ ቀን በሞሮኮ የተወለዱ ሴት ልጆች ሁሉ «ናዋል» ተብለው እንዲጠሩ አዘዙ ይባላል። ናዋል በዓረብኛ ስጦታ ማለት ነው። ይህ ታሪክ በየሄደበት የሚወደድ ታሪክ ነው፤ እኛም ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የምንል ሕዝብ ነንና ያምርብናል። የቤተሰቡን ዘመን፣ ሐዘኑንና ደስታውን በልጆቹ ስም ለሚመዘግብ ሰው፣ አንድ አገር በአንድ ቀን የሴት ልጆቹን ስም በአንዲት ሯጭ ቢሰይም የሚገርም ግጥም ነው። ነገር ግን ልብ ብለን ስናየው ትረካው ሩጫውን ከእግሯ ወስዶ ለዙፋኑ ይሰጠዋል። የሠራችው ልጅቷ ስትሆን የሚናገረው ንጉሡ ነው። ከታሪኩ ውስጥ የሚጎድለውም ብዙ ነው። በዚያ ጉዞ የሞሮኮ ቡድን ውስጥ የነበረችው ሴት እርሷ ብቻ መሆኗ ይጎድላል። «ሩጪ» ያሏት አባቷ ይህን ቀን ሳያዩ ማረፋቸው ይጎድላል። ከካዛብላንካ ተነሥታ በረዶ ወደሚበዛበት የአሜሪካ ክፍለ ሀገር፣ ወደ አይዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሄዳ፣ በዚያው በ1984 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮን መሆኗም ይጎድላል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1985 የዚያው ዩኒቨርሲቲ የሴቶች አገር አቋራጭ ቡድን ከውድድር ሲመለስ አውሮፕላን ተከስክሶ ሰባት ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል የሴቶቹ ቡድን ሁለት አሠልጣኞች፣ ሮን ሬንኮና ፓት ሞይኒሃን ነበሩ። በድል ታሪክ ውስጥ ንጉሥ ይገባል፤ አሠልጣኝ ግን ደጅ ይቀራል። እኛስ ብንሆን ስንቱን አሠልጣኝ በስሙ እናውቀዋለን?

ሁለተኛው የቀዝቃዛው ጦርነት ትረካ ነው። «ሎስ አንጀለስ ባዶ ሜዳ ነበር» ይላል። ሶቪየት ኅብረትና ተባባሪዎቿ ስላልመጡ የተገኘው ሜዳልያ ሁሉ ግማሽ ሜዳልያ ነው ባይ ነው። ይህን በደፈናው ማጣጣል ሐቀኝነት አይሆንም። ማርጋሪታ ፖኖማርዮቫ በዚያው ዓመት ጁን ወር ኪየቭ ላይ 53.58 ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ይዛለች። ከናዋል የሎስ አንጀለስ ሰዓት በአንድ ሴኮንድ ከሦስት መቶኛ የፈጠነ ነው። ከዓመት በፊት በሄልሲንኪ የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ዬካቴሪና ፌሴንኮም የሶቪየት ሯጭ ነበረች። ሁለቱም አልመጡም። ቢመጡስ? ብሎ መጠየቅ ይቻላል። መልስ ግን የለውም። ሩጫ ማለት በቀኑ፣ በሰዓቱ፣ በመስመሩ ላይ የተገኘ ሰው የሚሠራው ነገር ነው። ያልመጣ ሰው አይሸነፍም፤ አያሸንፍምም። ይህ ትረካ የሚረሳው አንድ ነገር አለ፤ ፖኖማርዮቫም በአገሯ ውሳኔ የተቀማች ሴት ናት። ለአንዷ ሜዳልያ ማጣጣያ እናድርጋት ብለን ስናነሣት ሁለተኛ እንቀማታለን።

እዚህ ላይ ለእኛ የሚመረው ነገር ይመጣል። ከቀሩት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1976 ሞንትሪያል ላይ በአፓርታይድ ምክንያት ከአፍሪካ ወንድሞቻችን ጋር ቀረን፤ ይህ የሚያኮራ መቅረት ነው። በ1984 ግን የቀረነው ሞስኮ ስለ ቀረች ነው። በ1988 ደግሞ ፒዮንግያንግ ስለ ቀረች ሶል ሳንሄድ ቀረን። ሞሮኮያዊቷ ልጅ ኮሊሲየም ውስጥ አሥር መሰናክል በምትዘልበት ሳምንት የእኛ ሯጮች በአገራቸው ነበሩ። ሰሜኑ በረሃብ ላይ ነው፤ ከተማው ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ይሽሞነሞናል። እኛ ያቺን ሩጫ ያልተረክናት በዓይናችን ፊት ስላልሆነች ብቻ አይመስለኝም፤ መተረክ የማንፈልገው የራሳችን መቅረት አብሯት ስላለም ነው።

ሦስተኛው የሕንድ ትረካ ነው። በሕንድ የዚህ ሩጫ ዋና ሰው ናዋል አይደለችም፤ አራተኛ የወጣችው ኡሻ ናት። አንድ መቶኛ ሴኮንድ! መድረሻው ላይ ደረቷን ወደ ፊት ብትጥል ኖሮ፣ የመጀመሪያው አጀማመር ባይሰረዝ ኖሮ እየተባለ ለአርባ ዓመት ተቆጭተውበታል። እኔ ይህን ትረካ ከአራቱ ሁሉ የበለጠ እወደዋለሁ። ለተሸነፈ ሰው ቦታ ያለው ትረካ ስለሆነ ነው። እኛ ለአራተኛ ቦታ የለንም፤ ሦስተኛም ቢሆን «ነሐስ ብቻ» እየተባለ ነው የሚመጣው። ሆኖም የሕንዱ ትረካ አንድ ጉድለት አለው። ከኡሻ በአንድ መቶኛ ወደ ኋላ ስለ ቀረችው ስለ ስዊድኗ ስኮግሉንድ ምንም አይልም። የእርሷም ልብ ከነሐሱ በሁለት መቶኛ ነው የተሰበረው። ትረካ የወደደውን ሰው ለማሳየት መብራቱን ሲያስጠጋ ከጎን ያለው ይጨልማል።

*

አራተኛው ትረካ የእኛው ነው፤ የእህቴን ልጅ ያሸነፋት። «ደራርቱ ቱሉ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ናት።» በየሬዲዮው፣ በየጋዜጣው፣ በየጥያቄና መልስ መጽሐፉ የሚገኝ ዓረፍተ ነገር ነው። ትክክለኛው አነጋገር «የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት» የሚለው ነው። አንዲት ቃል በመንገድ ላይ ወድቃለች፤ ስትወድቅም አንዲት ሴት ይዛ ወድቃለች።

«ጥቁር» የምትለዋን ቃል ለምን ጣልናት? ሁለት ምክንያት ይታየኛል። አንደኛው፣ አፍሪካ ስንል ከሰሐራ በታች ያለውን ብቻ ማለታችን ነው። ካዛብላንካን ከካይሮ ጋር ጠቅልለን ለሌላ ዓለም ሰጥተናል። ይህ ደግሞ ከእኛ የማይጠበቅ ነው፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት አልጄሪያና ግብፅ ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ቅጽል ሲበዛ ውዳሴ የሚቀንስ ስለሚመስለን ነው። «የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት» ሲባል አፍ ይሞላል፤ «የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት» ሲባል ያነሰ ይመስላል። የውዳሴ ሥራ ማስፋት ነው፤ የታሪክ ሥራ መለካት ነው። በእኛ አገር ሁለተኛውን ሥራ ለመጀመሪያው አሳልፈን ሰጥተነዋል።

እስከዚህ ድረስ ደብዳቤዬ ትክክል ነበር። እዚህ ላይ ስደርስ ነው መዝገቡ እኔኑ የጠለፈኝ።

«የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ናዋል ናት» ብዬ ለመጻፍ ብዕሬን ሳነሣ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ሄልሲንኪ ላይ በከፍታ ዝላይ ወርቅ ያገኘችው አስቴር ብራንድ የምትባል ደቡብ አፍሪካዊት መሆኗን አየሁ። በዚያው ሄልሲንኪ በዋና ወርቅ የወሰደችው ጆን ሃሪሰንም ደቡብ አፍሪካዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ1980 ሞስኮ ላይ ደግሞ ነፃነቷን ካገኘች ዓመት ያልሞላት ዚምባብዌ በሴቶች ሆኪ ወርቅ አግኝታለች። ሁሉም ነጮች ናቸው። የወከሉት አገር ግን አፍሪካ ውስጥ ነው። የዚምባብዌዎቹ ሴቶችማ ሞስኮ ሊገኙ የቻሉት ሌሎች ቡድኖች በምዕራቡ አድማ ምክንያት ስለ ቀሩ ነው፤ «ባዶ ሜዳ» የሚለው ክስ ለእነርሱም ይደርሳቸዋል።

እንግዲህ የእህቴ ልጅም ተሳስታለች። ያሳሳትኳት እኔ ነኝ። ናዋል በኦሊምፒክ ወርቅ በማግኘት የመጀመሪያዋ ዓረብ ሴት፣ የመጀመሪያዋም አፍሪካ የተወለደች ሙስሊም ሴት ናት፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያለ ቅጽል «የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት» ስል ግን፣ ለደራርቱ ሲሆን «ተሳስታችኋል» ያልኩትን ስሕተት ለናዋል ስል ራሴ ሠርቼዋለሁ።

«አስቴር ብራንድ ነጭ ናት፤ አትቆጠርም» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። አልፈርድበትም፤ የመጀመሪያ ስሜቴ እንዲሁ ነበር። ነገር ግን ይህን ስንል ምን እያልን እንደሆነ ማወቅ አለብን። በ1952 የደቡብ አፍሪካን ማሊያ ለመልበስ ነጭ መሆን ያስፈልግ ነበር። ብራንድ ከፍታውን የዘለለችው በራሷ ጉልበት ነው፤ ሜዳው ላይ እንድትቆም ያደረጋት ሕግ ግን ሌሎች ሚሊዮኖችን ከበሩ መልሷል። ስሟን ከመዝገብ ብንፍቅ የዚያን ሕግ ወንጀልም አብረን እንፍቃለን። ስሟ ይቁም፤ ከጎኑ በሩ የተዘጋባቸው ሰዎች ይጻፉ። ትክክለኛው ታሪክ ይህ ነው።

*

«የመጀመሪያዋ» የምትለዋን ቃል እንዲህ አገላብጬ ሳያት ስለ ሯጯ የምትነግረን ጥቂት ሆኖ አገኘኋት። የምትነግረን ስለ በሩ ነው። በሩ መቼ ተከፈተ? ማን ዘግቶት ነበር? ናዋል በ400 ሜትር መሰናክል የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን የሆነችው ከእርሷ በፊት የነበሩት ሴቶች መዝለል ስላቃታቸው አይደለም፤ ውድድሩ ለሴቶች ስላልነበረ ነው። ደራርቱም የሮጠችው የሴቶች 10,000 ሜትር ኦሊምፒክ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1988 ሶል ላይ ነው፤ ለወንዶቹ ከ1912 ጀምሮ የነበረ ነገር። የባርሴሎናው ለሴቶች ሁለተኛው ብቻ ነበር። አገርም፣ የስፖርት ባለሥልጣንም፣ የዘር ሕግም ለረጅም ጊዜ በር ዘግቶ ይቆይና፣ አንዲት ሴት ስታልፍ «የመጀመሪያዋ!» ብሎ ያጨበጭባል። ጭብጨባው መልካም ነው፤ ግን ቁልፉ በማን ኪስ እንደ ነበረ እንድንረሳ ያደርገናል።

ቀድሞ የመጣ ጆሮን ኋላ የመጣ ቀንድ በለጠው ይላል ያገራችን ሰው። መቅደም ብቻውን ማዕረግ ከሆነ የናዋል ሰዓት ዛሬ የት ይገባል? የራሷ አገር ልጅ ነዝሃ ቢዱዋን እ.ኤ.አ. በ1997 አቴንስ ላይ በ52.97 የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። አሜሪካዊቷ ሲድኒ ማክላፍሊን ደግሞ በፓሪስ ኦሊምፒክ 50.37 ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን አሻሽላለች። ቀኑ ኦገስት 8፣ 2024 ነበር፤ ከናዋል ሩጫ ልክ በአርባኛው ዓመት፣ በዚያችው ዕለት። ከ54.61 አራት ሴኮንድ በላይ ይቀድማል። በሰዓት ከሄድን ናዋል የትም አትደርስም። በሥራዋ ከሄድን ግን፣ አገሯ ያመጣት አንዲት ሴት ብቻ ሆና፣ አባቷን አጥታ፣ ማንም ያልጠበቃትን ሩጫ ከመነሻው እስከ መድረሻው መርታ መጨረሷ አያረጅም።

ደራርቱም የተበደረችው «መጀመሪያ» አያስፈልጋትም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 1992 ባርሴሎና ላይ የሆነውን ያየ ሰው ያውቀዋል። ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ፍጥነቱን ጨምራ ከሌሎቹ ተነጠለች፤ ደራርቱ ከጀርባዋ ተጣብቃ ሄደች፤ በመጨረሻው ዙር ወጣችና በ31፡06.02 ገባች። እኛ የምንወደው ዓይነት ትረካ ነው፤ መጠበቅ፣ ደወል፣ ማርሽ። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ከወርቁ ይበልጣል። ሁለቱ ሴቶች፣ አንዷ ጥቁር ኢትዮጵያዊት፣ ሁለተኛዋ ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ደቡብ አፍሪካ ከ1960 ወዲህ ወደ ኦሊምፒክ ስትመለስ የመጀመሪያዋ ነበር። እኛም ከሞስኮ ወዲህ በኦሊምፒክ ስንገኝ የመጀመሪያችን ነበር። በሄልሲንኪ አስቴር ብራንድ ብቻዋን ያለፈችበት በር በባርሴሎና ለሁለት ሰው ተከፈተ ብል የማጋነን አይመስለኝም።

አሁን አንባቢ ይህን ደግሞ ልብ ይበል። ያ የባርሴሎና ቀን በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ነው። ናዋል ያሸነፈችው በፈረንጆቹ 1984፣ ደራርቱ ያሸነፈችው በእኛው 1984። ሁለቱ የነሐሴ ልጆች ናቸው፤ ዓመታቸውን ስንጽፈው አንድ ቁጥር ነው፤ በመካከሉ ግን ስምንት ዓመት አለ። ከስምንቱ ዓመት የሚበዛውን በር ተዘግቶብን አሳልፈነዋል፤ የዘጋነውም ራሳችን ነን። የእኔ ትውልድ የመጀመሪያውን 1984 አላየም፤ ሁለተኛውን ሲያይ ደግሞ የመጀመሪያው እንዳልነበረ አደረገው።

ናዋል ኋላ እ.ኤ.አ. በ1998 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል፣ በ2012 ደግሞ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆናለች። ኡሻ ከ2022 ጀምሮ የሕንድን ኦሊምፒክ ማኅበር እንድትመራ ተመርጣለች። ደራርቱ ከ2018 እስከ 2024 የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርታለች። ሦስቱም ሴቶች ከሜዳው ወጥተው ወደ ቢሮው፣ ቁልፉ ወደሚቀመጥበት ክፍል ገብተዋል። የሯጮቹን ታሪክ የምንጽፍ ሰዎች ከጭብጨባው አልፈን ወደዚያ ክፍል ዓይናችንን ማሳረፍ ያለብን ይመስለኛል።

*

ለእህቴ ልጅ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። «አንቺም ተሳስተሻል፤ እነርሱም ተሳስተዋል፤ ከሁላችሁም በፊት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኳት። ስለ አስቴር ብራንድ፣ ስለ ዚምባብዌዎቹ፣ ስለ ስዊድኗም አራተኛ እንኳ ስላልወጣችው ሴት አወራኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ታዲያ ትክክለኛው መልስ ምንድን ነው?» አለች። «ጥያቄው ነው ያልተሟላው» አልኳት። ደስ አላላትም። ልጅ መልስ ይፈልጋል፤ ነጥቡም አልተመለሰላትም።

በማግስቱ ግን ስልኬን ወስዳ የናዋልን ሩጫ ስታይ አገኘኋት። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ደጋግማ። ጣቷን እያጠፈች የምትቆጥረው ነገር ነበራት። ምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ «በመሰናክሎቹ መካከል ስንት እርምጃ እንደምትሄድ» አለችኝ። የመጀመሪያዋ መሆን አለመሆኗን አላነሣችም። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አብሬ መቁጠር ጀመርኩ።